በእናቱ ስም የተጠራው ንጉሥ

በስደት በምኖርባት በሲዋርድ ከተማ፣ ሆም ኬር በሚሉት አረጋውያንን በቤታቸው የመንከባከብ ሥራ የምረዳቸው አዛውንት ዘራቸው ከዴንማርክ ነበር። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ስለ ጥንት ነገሥታታቸው ሲያጫውቱኝ፣ በእናቱ ስም ይጠራ የነበረ ንጉሥ አነሱ።

«አባቱ ካደው እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ! አባቱማ የታወቀ መስፍን ነው። ዘውዱ የመጣው ግን በእናቱ በኩል ነው፤ የንጉሥ ልጅ፣ የንጉሥ እህት ነበረች። ከእሱም በኋላ አምስት ልጆቹ ተራ በተራ ነግሠዋል።»

በጣም ደነቀኝ። እኔን ደሴ ላይ ብቻዋን ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ የምጠራው ግን በማላውቀው አባቴ ስም ነበር። ደውዬ ታሪኩን ነገርኳትና «የዚህን አገር ዜግነት ስወስድ በአንቺ ስም ልጠራ ነው» አልኳት።

«ተው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች። ቀጥላ ግን «ሴትዮዋ ልጇ ሲነግሥ ለማየት በቃች?» ብላ ጠየቀችኝ።

አዛውንቱን ጠይቄ መልሱን ይዤላት ደወልኩ። በሕይወት ነበረች፤ የንጉሥ ሚስት ሆና ባታውቅም ልጇ «ንግሥት» አሰኝቷታል።

«እሰይ! ወልዳ ተካሰች» አለች እናቴ፣ የጎረቤቷን ደስታ የሰማች ይመስል። «እንግዲያው የኔንም ስም አስጠራው።»

የዜግነት ቃለ መሐላ የፈጸምኩ ዕለት በእናቴ ስም ተጠርቼ ተነሣሁ።