የአባቴ ፈረስና የእናቴ ቁጣ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ቤት አይገባም ነበር። የፈረሱን ኮርቻ ያወርዳል፣ ልጓሙን ያወልቃል፣ እፍኝ ጭድ ይዞም ላቡን ከአንገቱ እስከ ጭኑ ቀስ እያለ ያሸዋል። ያኔ እኛ አምስት ልጆች ምድጃው ዙሪያ ተኮልኩለን፣ የእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ገብቶ ተረት እስኪነግረን እንቁነጠነጣለን። ከእኛ ይልቅ ፈረሱን ይወዳል ብዬ የማኮርፍበትም ቀን ነበር።

ሲገባ ግን ፊቱ የጠራ ነው። ማን እንዳበሳጨው፣ ድንቹ እንዴት እንደረከሰበት አንዲት ቃል አይተነፍስም። ኩራዙን ጠጋ አድርጎ ተረቱን በአዊኛ ይጀምርና፣ ዳንግላ ተወልዳ ያደገችው እናቴም እንድትሰማ ብሎ በአማርኛ ይጨርሰዋል። እናቴ መቼ ቁጭ ብላ ሰምታ! አባቴ ገንፎው እስኪበርድ መታገስ አቅቶት አፉን ስላቃጠለው ጅብ ሲነግረን፣ እሷ ታናሼን አዝላ እራታችንን ታማስላለች።

አንድ ምሽት በዚያ ጅብ ስቄ ስንፈራገጥ የሽሮውን ድስት በእግሬ ገፋሁት። እራታችን አመዱ ላይ ተደፋ፤ ፍሙም ተንሿሽቶ ጠፋ። እናቴ በያዘችው ማማሰያ ክንዴን መታችኝ። ማማሰያው ላይ የቀረው ሽሮም ትኩስ ስለነበር ቆዳዬን ለበለበኝ።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተይ እንጂ፣ ልጆች አይደሉ እንዴ? ቀስ በይ» አላት።

«አንተማ ፈረስህን ስታሽ በርዶልህ ገባህ» አለችው። «እኔንስ ማን ያብርደኝ?»

እኔ እያለቀስኩ አባቴ ጉያ ገባሁ፤ እሷ አጎንብሳ አመዱን ጠረገች። የመንደሩ ሰው አባቴን ታጋሽ፣ እናቴን ቁጡ ይል ነበር፣ እኛም ልጆቿ ተቀብለን አልን። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የምናደደው በአባቴ ብቻ አይደለም፤ በራሴም ጭምር ነው።

አሁን እንጅባራ ውስጥ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሳስተምር እውላለሁ፣ ትንሹን ከጎረቤት እወስዳለሁ፣ የትልቋን ደብተር እያየሁ እራት እጥዳለሁ። ባሌ ባጃጅ ይነዳል። ሲመለስ በር ላይ ያቆማትና መስታወቷን፣ መሪዋን፣ ጎማዋን ሳይቀር በጨርቅ ይወለውላል። እኔ በመስኮት እያየሁት ጥርሴን እነክሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ደብተሯ ላይ ወተት ደፋች። ማማሰያውን እንደያዝኩ «ምን ሆነሻል አንቺ!» ብዬ ዞር ስል፣ ልጄ ፊቷን በክንዷ ጋረደች። ልመታት አልነበረም። እሷ ግን ዱላ ጠብቃለች። የሰባት ዓመት ልጅ እናቷ ስትዞር ፊቷን መጋረድ ከየት ተማረች? ከእኔ ነው እንጂ ከማን!

ባሌ በዚያው ቅጽበት ጨርቁን እንደያዘ ገብቶ «ተረጋጊ እንጂ፣ ልጆች ናቸው» አለኝ።

ጨርቁን ከእጁ መንጭቄ ማማሰያውን አስጨበጥኩት። «እያማሰልክ ተረት ንገራቸው» ብዬው ወጣሁ።

ባጃጇ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ያን የሽሮውን ምሽት አነሳሁባት። «እማዬ፣ ያኔ ላንቺ ማዘን ነበረብኝ» አልኳት።

«አሁን ልጆቹ ማን ጋ ናቸው?» አለችኝ።

«ከአባታቸው ጋ።»

«እንግዲያ ቶሎ አትግቢ» አለችኝ።

ከአባቴ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። የቀረልኝ የእናቴ «እኔንስ ማን ያብርደኝ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ መልስ ሳያገኝ አብሮኝ ኖሯል። ጨርቁን እግሬ ላይ እንዳደረግኩ፣ ከውስጥ የባሌ የተደነቃቀፈ ተረት እየተሰማኝ፣ ንዴቴ እስኪወጣልኝ ተቀመጥኩ። ስገባ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ክንዷን አላነሳችም።