ከአውድማ ወደ ሬዲዮ የሄደው ዘፈን

በሃምሳዎቹ ዓመታት አሰላ ውስጥ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ከናዝሬት ማሽኑንና ጄኔሬተሩን በጭነት መኪና ጭኖ የሚመጣ አንድ ነጋዴ ነበር፤ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ይወጥራል፣ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ይጋርዳል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያሳያል። ፊልሞቹ ወይ የህንድ ናቸው፣ ወይ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች በፈረስ እየጋለቡ የሚታኮሱባቸው ናቸው። እኔ ያኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር የጀመርኩ ልጃገረድ ነበርኩ። የህንድ ፊልም መጣ ሲባል መሀረቤን ይዤ ነበር የምሄደው፤ እንደማለቅስ አውቃለሁና።

አንድ ቅዳሜ ዓይኔ አብጦ ከአዳራሹ ስወጣ የሥራ ባልደረባዬ በር ላይ አገኘኝ። ኮሌጅ አቋርጦ ከአዲስ አበባ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው።

«ምን አስለቀሰሽ?» አለኝ።

«ልጁ አሳዘነኝ።»

ፊልሙ የሀብታም ልጅ ስለወደደ አንድ ድሃ ዘፋኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ዘፋኙ በሕፃንነቱ የጠፋ የሌላ ሀብታም ልጅ መሆኑ ይታወቅና ይጋባሉ።

«ድሃ ነው አሉን» አለ። «ፊልሙ ተጀምሮ እስኪያልቅ አንዴ እንኳ ሲሠራ አየሽው?»

አሰብኩ። አላየሁም።

«ደግሞ የዳሩለት ድሃ አለመሆኑ ሲታወቅ ነው። ድሃ ሆኖ ቢቀር ኖሮስ? ይኸው አዳራሽ ሙሉ ድሃ ለሀብታም ልጅ አልቅሶ ወጣ።»

ተናደድኩበት። ለቅሶዬን የነጠቀኝ መሰለኝ። ሰኞ ግን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ የማስበው ይህንኑ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ራሴ ሄጄ ጠየቅሁት።

እሑድ እሑድ በሚከራያት ክፍል መሰብሰብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ፣ እኔና ሌሎች ሁለት ወንድ አስተማሪዎች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንገናኛለን፤ ባለፈው ቅዳሜ ያየነውን ፊልም እያነሣን እንከራከራለን። ማርክሲዝም የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው፤ ሲናገረው በሩ መዘጋቱን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ፊልም እንዴት እንደሚታይ አስተማረን። ያ ተኳሽ የሚጋልበውን ፈረስ የሚቀልበው ማነው? የሚታኮሱበት መሬት የማን ነበር? ሴትየዋ ያን ሁሉ ልብስ ስትለዋውጥ የሚያጥበው ማነው? እንዲህ እየጠየቀ የማይታየውን ሰው እንድንፈልግ ያደርገናል። ሬዲዮውንም አልማረውም።

«የምንሰማው ዘፈን ሁሉ ዓይን አለው፣ አንገት አለው፣ ወገብ አለው» ይለን ነበር። «እጅ የለውም። የሚሠራ እጅ የተዘፈነበት ዘፈን ንገሩኝ። ሕዝቡ ግን እየሠራ ይዘፍናል። ከተሜው ዜማውን ይወስድበትና አጥቦ፣ ሽቶ ቀብቶ መልሶ ይሸጥለታል።»

ይህን ሲል ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ፊት ለማየት ስል ብቻ የሄድኩባቸው እሑዶች ነበሩ።

አንድ እሑድ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ እዚሁ ነው ያደግሽው። እዚህ ሲሠሩ ምን ይዘፍናሉ?» አለኝ።

ቤታችን ከተማው ዳር ነበር። የአባቴ ወገኖች ከሸዋ መጥተው አርሲ ከሰፈሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ እኔም ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ነው የለመድኩት። ከአጥራችን ማዶ የአንድ ሽማግሌ ጭሰኛ አውድማ አለ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጃቸው ዴራ ነው ያገባችው። እኔን በልጅነቴ በትከሻቸው ይዘውኝ የዞሩ ሰው ናቸው። «ኢንተላ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ እንደ ማለት። ገብስና ስንዴ ሲያበራዩ ከበሬዎቻቸው ኋላ ኋላ እየዞሩ የሚዘፍኑት አንድ ዘፈን ነበራቸው። ከአባታቸው ነው የሰሙት፤ ከፊሉን ደግሞ ራሳቸው ጨምረውበታል። የሚዘፍኑት ለበሬው ነው፤ ለሰው አይደለም።

በጥር ወስጄ አስተዋወቅኋቸው። አስተማሪው ኮቱን አውልቆ ጭዱ ላይ ተቀመጠና ቀኑን ሙሉ አዳመጠ። ኦሮምኛ አያውቅም፤ እኔ በጆሮው እየተረጎምኩለት ነበር። ባለርስቱ በበቅሎ መምጣቱን፣ ምርቱ ሲሰፈር ቆሞ ማየቱን፣ የበሬው ጫንቃና የሰውየው ጫንቃ አንድ ዓይነት መቁሰሉን። አንዱን ስንኝ እንዲህ አድርጌ በአማርኛ ገጠምኩለት፦

በሬዬ ርገጠው፣ ዙር ደግሞ በሬዬ፣
ላንተስ ጭድ አለልህ፣ ምን ተረፈ ለእኔ?

ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሲኒማው ሳለቅስ የሚስቅብኝ ሰው!

«ይሄ ነው» አለኝ ስንመለስ። «አንድ ቀን በአደባባይ እናሰማዋለን። አንድ ቃሉ ሳይነካ፣ የማን እንደሆነም ተነግሮ። ቃሌ ነው።»

ከዚያ ወዲያ እሑዶቻችን በዚሁ ተያዙ። ሁለቱ አስተማሪዎች ስለ ፊልም ሲከራከሩ እኛ ጥግ ይዘን ስንኞቹን እንተረጉማለን። ክራር ይጫወት ነበር፤ ዜማው ትንሽ ሲስት እኔ አስተካክለዋለሁ። ከአውድማው ደርሼ ያልገባኝን ቃል ጠይቄ እመለሳለሁ። ሽማግሌውም ደስ ይላቸው ነበር። «ያ ጓደኛሽ አሁንም በሬ ሊነዳ ያምረዋል?» እያሉ ይስቁብኛል።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አዲስ አበባ ሄደ። መስከረም ላይ አልተመለሰም። ርእሰ መምህሩ ሌላ አስተማሪ እንደተመደበ ነገሩን እንጂ ምክንያቱን አልነገሩንም። እኔ ተይዞ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለእሱ ነበር የምጸልየው።

ኅዳር ላይ ሳሙና ልገዛ ከስልጤ መጥተው ሱቅ ወደከፈቱት ሀጂ ዘንድ ገባሁ። ሬዲዮአቸው ባንኮኒው ላይ ነው። መጀመሪያ ዜማው ነው ጆሮዬ የገባው። ክላርኔትና ከበሮ ተጨምሮበታል፣ ፈጠን ብሏል፤ ግን ራሱ ነው። «ተሳካለት! ሊያሰማን ነው!» ብዬ ባንኮኒውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከዚያ ዘፋኙ ገባ፦

ዓለሜ ነይልኝ፣ ዙሪ ደግሞ ዓለሜ፣
ለሌላው ሳቅ አለሽ፣ ምን ተረፈ ለእኔ?

በሬው የለም። ጭዱ የለም። ባለ በቅሎው የለም። እስከ መጨረሻው የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ እንኳ አንድ ቃላችን ይመጣል ብዬ ነው። ሲያልቅ አስተዋዋቂው ግጥምና ዜማ አለና ስሙን ጠራ። የእሱን ስም።

«ያንቺ ጓደኛ አይደለም እንዴ?» አሉኝ ሀጂ ደስ ብሏቸው። «ጎበዝ ልጅ!»

ሳሙናውን ረስቼ ወጣሁ።

ለሁለቱ አስተማሪዎች ነገርኳቸው። እንደ እኔ የሚቃጠሉ መስሎኝ ነበር። አንደኛው «ሰምተነዋል እኮ» አለኝ። «ምን አለበት? ከእኛ መሀል ወጥቶ ለዚህ መብቃቱ ያኮራል።» ሌላው ደግሞ ጫማውን እያየ «ሰው መኖር አለበት» አለ። እነዚያ ሰዎች ስለ አንድ የህንድ ፊልም መጨረሻ ከሰዓቱን ሙሉ ሲጮኹ የነበሩ ናቸው።

ጥር መጣ፤ አውድማው ተለቀለቀ። ዘፈኑ በዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ያልደረሰበት ቡና ቤት አልነበረም። ሽማግሌውን ሊያግዙ ከከተማ የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ እሳቸው በሬዎቹን አዙረው ዘፈናቸውን ሲጀምሩ ወጣቶቹ ተያይተው ሳቁ።

«አባባ፣ የሬዲዮ ዘፈን ያውቃሉ እንዴ!» አለ አንዱ። «ቃሉን ግን አበላሽተውታል!» ከዚያ መንሻቸውን እንደያዙ «ዓለሜ ነይልኝ» እያሉ አብረው አዜሙት።

ሽማግሌው ቆሙ። በሬዎቹም ቆሙ። እኔ አጥሩ ጋ ነበርኩና ጠሩኝ።

«ኢንተላ፣ ምንድነው የሚሉት?»

በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ከእሳቸው ቋንቋ ወደ አማርኛ ያመጣሁትን አሁን ከአማርኛ ወደ እሳቸው እየመለስኩ ነበር።

«ለሴት ነው የሚዘፍኑት?»

«አዎ።»

«በሬውስ?»

«የለም።»

«ባለ በቅሎውስ?»

«እሱም የለም፣ አባባ።»

«ያ ልጅ ነው?» አሉኝ።

«እሱ ነው። ሳልነካው አሰማዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

«አመንሽው?»

«አመንኩት።»

ሌላ አልጠየቁኝም። በሬዎቹን ነዱ። ያን ቀንም ሆነ በማግስቱ ከእሳቸው በኩል የተሰማ ነገር ቢኖር የአለንጋው ድምፅና የከብቶቹ ኮቴ ብቻ ነበር። ወጣቶቹ ግን ይዘፍናሉ።

ከፋሲካ በኋላ እሱ ራሱ መጣ። አንድ የሙዚቃ ቡድን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ በዚያው አዳራሽ ዝግጅት አሳየ፤ እሱ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ዘፋኞቹን ያስተዋውቃል። ባለርስቱ ከእንግዶቹ ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። የሽማግሌው ዜማ ሲያልቅ እጃቸውን አንሥተው «ይደገም!» አሉ፤ ተደገመ። ያጨበጨቡት በምን ላይ እንደሆነ አላወቁም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

ሲያልቅ በጓሮ በኩል ሄድኩና ጠበቅሁት። ሲያየኝ በእውነት ደስ ያለው መሰለ፤ ሊስመኝ ሲጠጋ ወደ ኋላ አልኩ።

«ገብቶኛል» አለ። «ግን ስሚኝ። ሳንሱር የሚባል ነገር አለ። ባለርስት፣ በቅሎ፣ ስፍር ብዬ ባቀርበው መታሰሬ ነበር። ዜማውን እንኳ ላትርፈው ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ቃሉን ሳንሱር ወሰደው እንበል። ስምህን እዚያ ላይ ያስቀመጠው ማነው?»

ከረባቱን ላላ አደረገ። ቀጥሎ «የሕዝብ ነገር ባለቤት የለውም» አለኝ፤ ያኔ እሑድ ሲያስተምረን በነበረው ድምፅ፣ ጣቶቹን አገጩ ላይ አድርጎ። ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ነው። ለመስረቂያ የተጠቀመበት ያንኑ ያስተማረኝን ቋንቋ ነበር።

«ባለቤቱ ከዚህ በእግር ይደረስበታል» አልኩት። «ጭዱ ላይ ተቀምጠህ ያለቀስክበትን ቦታ አትረሳውም መቼም። ና እንሂድ፣ ንገራቸው።»

ሰዓቱን አየ። «አውቶቡሱ እየጠበቀ ነው» አለ።

አውቶቡሱ እውነትም ይጠብቅ ነበር። ሄደ።

እኔ በማግስቱ ለብቻዬ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ክረምቱ ሳይገባ ዘፈኑን ሙሉውን፣ ያልሰማሁትንም ስንኝ ጨምሬ መማር ፈለግሁ፤ ጠፍቶ እንዳይቀር። በሩ ላይ ተቀምጠው ጠፍር ይጠግኑ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

ቀና ሳይሉ «ለማን ልትሰጪው ነው?» አሉኝ።

በክፋት አልነበረም የጠየቁኝ፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ለማንም አልሰጥም፣ ለራሴ ነው አልኳቸው። ጠፍሩን ጥብቅ አድርገው ሳቡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀረውን አልነገሩኝም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁም። በሚቀጥለው ዓመት ባለርስቱ መሬቱን ትራክተር ላለው ሰው አከራዩት፤ ሽማግሌውም በሬዎቻቸውን እየነዱ ልጃቸው ጋ ዴራ ወረዱ። ሲሄዱ አጥራችን ጋ ቆም ብለው እናቴን ተሰናበቱ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ።