መርዶዬን ማን ይንገረኝ

የያዙኝ ዓረብ አገር፣ አርዲያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ዳቦ ገዝቼ ስወጣ ነው። ሩማይሲያ ካለው የማዳም ቤት ከጠፋሁ በኋላ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተቃጥሎ ዋጋ አጥቶ ነበር፤ ፖሊሱ ወረቀት ሲጠይቀኝ በእጄ የነበረው ዳቦው ብቻ ነው። እሱን እንኳ አልወሰዱብኝም፣ ይመስገኑ።

የኮሮና ጊዜ ስለነበር ቦታ ጠቦ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ አስገቡን። ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሰሌዳው ላይ አንድ ተማሪ የሣላት ፀሐይ አልጠፋችም ነበር። ሁላችንም ሐበሾች ነን፤ በዕድሜ የምትበልጠንን እትዬ እንላታለን።

የእኔ ጭንቀት እስሩ አልነበረም። ከመያዜ ጥቂት ቀደም ብሎ እህቴ በቪዲዮ ስትደውል ጥቁር ለብሳ አየኋት። "እማዬስ?" ስላት "ተኝታለች" አለችኝ። ገባኝ። በእኛ ወግ መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገረው፤ በሰው አገር ብቻዋን ላለች ሴትማ ይደበቃታል። እናቴ መሞቷን እያወቅሁ፣ የነገረኝ ስላልነበረ ማልቀስ አቃተኝ። ምግብም አልወርድ አለኝ።

ለጓደኞቼ አልተናገርኩም። ሁሉም የየራሱ አለበት።

በሳምንት አንድ ቀን አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ትመጣ ነበር፤ የአገሬ ልጅ ናት። ማስክ አድርጋ፣ ወንበሯን ራቅ አድርጋ፣ ኮሪደሩ ላይ ትቀመጣለች። "እዚህ ያወራሽው ከእኔ አይወጣም" ትላለች። ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ነገርኳት። አይዞሽ አላለችኝም፤ ዝም ብላ አየችኝ። ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ድንጋይ ናት ብዬ ተናደድኩ።

"በይ እንግዲህ ንገሪኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"መርዶውን ነዋ። እናትሽ አርፋለች በይኝና ላልቅስ።"

"እኔ ሰዓቴ ሲደርስ ተነሥቼ እሄዳለሁ። መርዶ የነገረ ሰው ደግሞ ጥሎ አይሄድም። አብሮሽ የሚያድረው ማነው?"

ወደ ክፍሉ ዞር አልኩ። እትዬ የአንዷን ፀጉር እየሠራች ነበር።

"አንቺ ንገሪያቸው" አልኳት።

"ያንቺን ምስጢር እኔ አላወጣውም። ካሰብሽበት ግን እንዴት እንደምትነግሪያቸው አብረን እንለማመድ።"

ተለማመድን። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ተቆረጠብኝ፤ አላጣደፈችኝም። እሷ ከሄደች በኋላ እትዬ አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

"እትዬ፣ እናቴ የሞተች ይመስለኛል። መርዶዬን ንገሩኝ።"

የያዘችውን ፀጉር ለቃ ወደ እኔ ዞረች። "ነገ ጠዋት እንነግርሻለን ልጄ። ዛሬ እራትሽን ብዪ" አለችኝ። በላሁ። ስንት ጊዜዬ ነበር እህል ሲጥመኝ።

ሲነጋጋ ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው ከበቡኝ። እትዬ ክንዴን ያዘች። "የኔ ልጅ፣ እናትሽ አርፋለች" አለችኝ። የአልጋ አንሶላ አዘቅዝቄ ለበስኩና እናቴን በስሟ እየጠራሁ አለቀስኩ። ዘበኛዋ ተራራቁ ልትለን በሩን ከፈተች። አንዷ "ኡምሃ ማተት፣ እናቷ ሞታ ነው" አለቻት። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ባለሙያዋ ስትመለስ ዐይኔ አብጦ አገኘችኝ። "ነገሩኝ" አልኳት። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ስለ እማዬ ቀልድ ስነግራት አብራኝ ሳቀች።

ዛሬ ደሴ ነው የምኖረው፤ ደህና ነኝ፣ እንቅልፌም ጥሩ ነው። የዚያችን ባለሙያ ዝምታ ሳስበው አሁን አመሰግናታለሁ። ወደ አገሬ የተመለስኩ ሰሞን እህቴ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ በማለዳ መጣች። ማን እንደሚጀምር ጨንቋቸው ሲተያዩ፣ "ቁጭ በሉ፣ ተረድቻለሁ" አልኳቸው።

እህቴ ደነገጠች። "በዚያ አገር፣ ብቻሽን? ማን አረዳሽ?"

"ብቻዬን አልነበርኩም" አልኳት።