«ወፍ ሸንቶባት ነው»

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የአልማዝ ልጅ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ደጃፌ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶችም ሳያቅማሙ ፈረዱ፦ «ወፍ ሸንቶባት ነው!» አዳማ ላይ ስልክ ያልያዘ የለም፤ የሌሊት ወፏ ግን እስከ ዛሬ ከዚህ ክስ ነጻ አልወጣችም። አልማዝ ከአንዲት አዋቂ ያመጣችውን መራራ ጭማቂ በብርጭቆ ይዛ ቆማለች። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ያደግኩባት መቂ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ገና ኮረዳ ነኝ። ክረምቱ ገብቶ ቦዩ ደፍርሷል፤ መንገዱ ሁሉ የበሰበሰ ቲማቲም ይሸታል። እህቴ አስካለ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። አንድ ቀን የምትወደው ስልስ አስጠላት፤ ከዚያ ዓይኗ እርድ መሰለ።

እናቴ ቀና ብላ የደጃችንን ፓፓያ አየች። ከሥሩ የሌሊት ወፍ ገምጦ የጣለው ፍሬ ተዝረክርኳል።

«ከዚህ ዛፍ ሥር አትቀመጪ ብዬሽ ነበር!»

ዛፉ በማግስቱ ተቆረጠ። ምስኪን ፓፓያ! እንደሱ የሚጣፍጥ ዳግም አልበላሁም።

ከዚያ መድኃኒት አዋቂዋ እትዬ ድንቄ በቅል አረንጓዴ ነገር ይዘው መጡ። ባለፈው ክረምት ከዚያው ቅል የጠጣች ጎረቤታችን ከአልጋዋ አልተነሣችም። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራም። በሩ ላይ ቆምኩ።

«አትጠጣም!»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ? ሐኪም ነሽ?»

«እህቷ ነኝ።»

«ካልጠጣች ሞታ ታያታለሽ።»

«ጠጥታ የሞተችውንም አይቻለሁ፣ እትዬ።»

ቅሉን ተቀብዬ በፓፓያው ጉቶ ላይ ደፋሁት። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አስካለን ደግፌ ቲማቲም የጫነ መኪና ፊት ሄጄ ተገተርኩ።

«አቦ፣ መንገድ ላይ ምጥ ቢመጣስ?» አለ ሾፌሩ።

«እንዳይመጣ ፈጠን በላ!»

«ወይ አንቺ ኢንተላ፣ ወይ አንቺ ልጅ!» ብሎ እየሳቀ በሩን ከፈተልን። ሞጆ ድረስ አደረሰን፤ ከዚያ በሌላ መኪና ናዝሬት ገባን።

ሐኪሙ ስለ ወፍ አልጠየቀም።

«የጉበት በሽታ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይከፋል። ውሃ ከየት ነው የምትጠጡት?»

«ከቦዩ።»

«ከቦዩ ላይኛው በኩልስ ምን አለ?»

ቦዩን በሐሳቤ ሽቅብ ተከተልኩት። ከላይ ሽንት ቤት ወደ ቦዩ ይፈስሳል። ከዚያ ከፍ ሲል የአሳማ እርባታ አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም አሳማ በደጃችን አይለፍ የምንል ሰዎች፣ እጣቢውን ስንጠጣ ከርመናል!

ኋላ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ሳነብ፣ የጉበት በሽታ ብዙ ዓይነት እንዳለው፣ አንዱ ከሰው ዓይነ ምድር በውሃ እንደሚመጣ፣ የቅርብ ዘመዱ ደግሞ ከአሳማ ወደ ሰው እንደሚሻገር ተረዳሁ። የአስካለ ከየትኛው እንደመጣ የነገረን የለም። ወፏ ግን የለችበትም። አስካለ ሆስፒታል ሰንብታ ዳነች፤ ሴት ልጅም በሰላም ተገላገለች።

እናም ባለፈው ሳምንት ከወንበሬ ተነሣሁ።

«እትዬ፣ ወፉን እኮ ያወጣዋል…» አለች አልማዝ።

«ወፉን ተይው። የሸናብን ወፍ አይደለም፤ እርስ በርሳችን ነው የተሸናናነው። ባጃጅ ጥሪና ልጅሽን ሐኪም ቤት ውሰጂ። ያንን ብርጭቆ ግን ለኔ ስጪኝ።»

የት እንደሚደፋ አውቃለሁ። ደጃፌ ላይ ፓፓያ ተክያለሁ፤ ማታ ማታ የሌሊት ወፎቹ መጥተው ይበሉታል። የሚቆርጠው ሰው ካለ ይሞክረኝ።