የጋሼ ፒክአፕ አልነሳ ስትል

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ካረፉ ወዲህ አሮጌ ፒክአፓቸው ቆሰበር ከተማ ግቢያችን ውስጥ እንደቆመች ነበረች። እኔ ፊደል ብዙ አልቆጠርሁም፤ ግን ስለ እሳቸው ይችን ልጻፍ።

እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ በክረምት፣ ጉም በሆነ ጠዋት፣ መኪናይቱ አትነሳም ነበር። እኔ ቁልፉን ደጋግሜ ሳዞር እጄን ይይዙኛል።

«ተው፣ ባትሪውን ትጨርሰዋለህ። መጀመሪያ ስማት።»

«ምኗን ልስማ ጋሼ፤ ብረት አይደለችም ወይ?»

«ጠቅ ብላ ዝም ካለች ባትሪው ነው። እየዞረች እምቢ ካለች ሞተሩን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ረጥቧል። አንተም እንደሷ ነህ፣ ካልሞቀህ አትሠራም።»

ከዚያ ካንዴላዎቹን ፈትተው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉና ብብታቸው ሥር ይይዟቸዋል። እሳት ዳር እናድርቃቸው ብላቸው አይሰሙኝም። እስኪሞቁ ጎናቸው ተቀምጬ እንጨቃጨቃለን። የጥሊሊ ገበያ ስንት ጊዜ አመለጠን።

ትናንት ልጃቸው ገዥ ይዞ መጣ።

«አጎቴ፣ እስቲ ያስነሱልን፤ ከተነሳች ዛሬውኑ ይዟት ይሄዳል» አለኝ።

ቁልፉን አዞርሁ። ዞረች፣ ግን እምቢ አለች። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ጠረግሁና ብብቴ ሥር ይዤ ተቀመጥሁ። እነሱ ደጅ ቆመው ስልካቸውን ያያሉ። ጎኔ ማንም የለም። ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ካንዴላ ቶሎ አይሞቅም።

መልሼ አሰርኋቸውና አዞርሁ። ተነሳች። ባትነሳ በወደድሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ነፍስዎን በደህና ቦታ ያኑርልኝ። ያስተማሩኝን ሠርቼዋለሁ። ለመሸኛዋ ሆነ እንጂ።