የይሥሐቅ ቁርባን

ጠጄ ስትቆጣ ድምጿ ሞላሌ ገበያ ድረስ ይሰማል ይሏታል። እውነት ነው። ማን እንዳስቆጣት ግን የሚጠይቅ የለም።

የምትሠራው ከከተማው ዳር ባለ የአካል ጉዳተኞች መርጃ ቤት ነው። ይሥሐቅን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታጎርስ ዓመታት አልፈዋል። ይሥሐቅ ጎልማሳ ነው። ሲወለድ አንጎሉ በመጎዳቱ እጅ እግሩ አይታዘዝለትም፣ ምላሱም ይተሳሰርበታል። ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። አእምሮው ምንም አልሆነ፤ የቅዳሴውን ተሰጥኦ በቃሉ ያውቀዋል። ጎብኚው ሁሉ ግን ፊቱ ቆሞ፣ "ይሰማል?" ብሎ እሷን ይጠይቃል። የቆመ እንጨት ነው እንዴ! ይሄኔ ነው ደሟ የሚፈላው።

ይሥሐቅ አጥብቆ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ መቁረብ። ንስሐ አባቱ ቄስ ገሠሠ ደግ ሰው ናቸው፤ በዚህ ነገር ግን ፍንክች አይሉም።

"ለሃጩ ይወርዳል" አሏት ጠጄን፣ ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ። "ቅዱስ ሥጋው ከአፉ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?"

"አባ፣ በየቀኑ ምግቡን ይውጥ የለም እንዴ? ቀና ብሎ ከተቀመጠና ካልተቻኮሉት ምን ይሆናል?"

"ምሥጢሩስ ይገባዋል ወይ?"

ጠጄ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ይሥሐቅ "ቆይ" አላት። አንገቱ እየተገተረ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ "የትርሲት… ልጅስ?" አለ።

የወጥ ቤቷ ትርሲት ልጇን በቅርቡ ክርስትና አስነስታ ነበር። ያቆረቡትም ቄስ ገሠሠ ናቸው። የአርባ ቀን ሕፃን ለሃጩ ሲዝረበረብ የተጨነቀ የለም፤ ምሥጢሩ ገብቶት እንደሆነም የጠየቀ የለም።

ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡ። "እሑድ አምጪው…" ብለው ጀመሩና ወደ ይሥሐቅ ዞሩ። "እሑድ ና፣ ልጄ።"

እሑድ ይሥሐቅ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ በዊልቼሩ ሄደ። ጠጄ ጀርባውን ደግፋ አቀናችው። ተቀበለ፤ ዋጠ። ጠብ ያለ ነገር የለም። እንደ ቆራቢው ሁሉ አፉን በነጠላው ሸፈነችለት።

ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ ሴቶቹ ከበቧቸው። "ተአምር ነው! እልል በሉ!"

"የምን ተአምር?" ጠጄ ጮኸች። "ሰው ዋጠ! ዕድሜ ልኩን ሲውጥ ኖሯል! እስከ ዛሬ የከለከለው ጉሮሮው ነው እንዴ?"

እልልታው ቀዘቀዘ። አንዲት ሴት ወደ ጠጄ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ "ለመሆኑ ደስ ብሎታል?" አለቻት።

ጠጄ ዊልቼሩን አዞረችና ይሥሐቅን ከሴትዮዋ ፊት ለፊት አድርጋው፣ እሷ ገለል አለች።