የጉሬዛዋን መጨረሻ ሳልሰማ

ልጅ ሳለሁ አጋሮ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ያኔ ቴሌቪዥኑ ዝም ይልና አያቴ አባ ፊጣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የከሰል ማንደጃውን ወደ እግራቸው ስበው ተረት ይጀምሩልናል። ኩራዙ ይጨሳል፣ ፍሙ ፊታቸውን ከስር ያቀላዋል፣ እኔና ወንድሞቼ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ከዚያ ያስነጥሰኛል።

«አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፣ አያቴም ተረቱን አቁመው «የርሐሙኪላህ»፣ አላህ ይዘንልሽ፣ ይሉኛል። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ። ከሦስት በላይ ላስነጠሰ ሰው ግን ጉንፋን ይዞታል ተብሎ ዱዓው ይቀራል፤ በአራተኛው እጃቸውን ወደ ጓዳ ይዘረጋሉ።

«ብርድ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሂጂ ሞቅ ብሎሽ ተኚ።»

ቤቱ ውስጥ ሞቃቱ ቦታ ደግሞ ጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ በጆንያ የተደረደረበት ጓዳ ነበር። እናቴ መስኮቱን ዘግታ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ባዶ ጆንያ ደርባልኝ ትሄዳለች። የአያቴ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል፤ ቃሉን ግን የራሴ ማስነጠስ ይውጠዋል። ተረቱ ማለቁን የማውቀው ወንድሞቼ ሲስቁ ነው።

ጉድጓድ ውስጥ የወደቀችውን ጉሬዛ ተረት ስንት ጊዜ መስማት ጀምሬያለሁ። ነጭ ጭራዋን ወደ ላይ ዘርግታ ዘመዶቿን ስትለምን እኔ አስነጥሶኝ ወደ ጓዳ እነሳለሁ። ጠዋት ወንድሞቼን ብጠይቃቸው «ንፍጣም፣ ማን ተኚ አለሽ» ይሉኛል።

እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አፍንጫዬ ታፍኖ በአፌ እየተነፈስኩ አደግኩ። አንዱ ሐኪም ሳይነስ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ይሰጠኛል፤ ሌላው የሰጠኝ የአፍንጫ ጠብታ ሱስ ሆኖብኝ ያለሱ መተንፈስ አቃተኝ። ጅማ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንዲት የአንገት በላይ ሐኪም አፍንጫዬን በመብራት አየችና «ልጅ እያለሽ የት ነበር የምትተኚው?» አለችኝ። ነገርኳት። ጉንፋን ሳይሆን የቡናው ገለባ ብናኝ የሚያስነሳው አለርጂ መሆኑን፣ ስለቆየም የአፍንጫዬ ውስጥ ማበጡን አስረዳችኝ። ጠብታውን አስቆመችኝ፣ በየቀኑ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ በጨው ውሃ ማጠብ አስተማረችኝ። ከሳምንታት በኋላ አፌን ገጥሜ ተኛሁ። ጠዋት ልደሰት ሲገባኝ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። አንድ ጥያቄ ነበር እኮ። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ?

ባለፈው ዒድ አጋሮ ሄጄ ግቢው ውስጥ ከአያቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። በጣም አርጅተዋል፣ ስሜንም አንዳንዴ ይስቱታል።

«አባባ፣ ያቺ ጉሬዛ በመጨረሻ እንዴት ወጣች?» አልኳቸው።

«ጠፋኝ፣ ኢንተላ ኮ። አንቺስ ሁልጊዜ እዚሁ አልነበርሽም እንዴ? አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

በእሳቸው ልቆጣ አልቻልኩም፤ እናቴም ጆንያውን የደረበችልኝ እንዲሞቀኝ ብላ ነው። ንዴቴን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ጆንያዎቹ እዚያው ናቸው፤ መሃላቸው የወንድሜ ልጅ ፍራሽ ተነጥፏል።

መስኮቱን በርግጄ ከፈትኩና ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ግቢ መጎተት ጀመርኩ። ብናኙ ተነሳ፣ አስነጠሰኝ። «የርሐሙኪላህ» አሉኝ አያቴ ካሉበት። ደግሞ አስነጠሰኝ፣ ደግሞ አሉኝ። ሦስቱ አለፈ፣ አራተኛውንም አምስተኛውንም መለሱልኝ፤ መቁጠሩን ረስተውታል።